ቀዩ አፈር ጣቴን ሲሸውደኝ

መርዓዊ አካባቢ ጉድጓድ ቆፍረን አፈሩን ስንመዘግብ ነው የተሸወድኩት። እፍኝ ቀይ አፈር ወሰድኩ፣ ውሃ ጠብ አደረግሁበት፣ ትንሽ አሸሁትና ሸክላነቱን ለመለካት እንደ ጥብጣብ እንዲዘረጋ በአውራ ጣቴ ገፋሁት። ጥብጣቡ ሁለት ሴንቲ ሜትር ሳይሞላ ተቆረጠ። «ሎም» ብዬ ጻፍኩ፤ አሸዋ፣ ደለልና ሸክላ የተደባለቀበት አፈር ማለቴ ነው (ለም አላልኩም!)። የላብራቶሪው ውጤት ሲመጣ ግን ሸክላ ሆኖ አረፈው።

መጀመሪያ የጠረጠርኩት ላብራቶሪውን ነበር። ተመልሼ ስሞክረው የማሳው ባለቤት አይተውኝ ሳቁ። «የኔ ልጅ፣ የግድግዳ ጭቃስ ሳይረገጥ መች ይያያዛል?» አሉኝ።

ለካ ነገሩ እሱ ነው። ኒቲሶል በሚባለው በዚህ ቀይ አፈር ውስጥ የብረት ኦክሳይድ የሸክላውን ቅንጣቶች አጣብቆ ጥቃቅን ፍርፋሪ ያደርጋቸዋል። ፍርፋሪው እስኪፈርስ ድረስ ጣት ላይ የሸክላነቱ ነገር አይታወቅም። ስለዚህ ውሃ እያከልኩ አምስት ደቂቃ ያህል፣ እጄ እስኪዝል አቦካሁት። ያው አፈር ሰባት ሴንቲ ሜትር ተዘረጋ። ከአምስት ካለፈ ሸክላ ነው።

ጓሉን ስሰብረውም ፊቱ እንደተወለወለ ያብረቀርቃል። ያንን ቀድሜ ባየው ኖሮ እጠራጠር ነበር። ቢቸና በኩል ያለው ዋልካ፣ ጥቁሩ ሸክላ አፈር፣ እንዲህ አያታልልም፤ ሲርስ እጅ ላይ ሙጭጭ ይላል፣ በበጋ ይሰነጠቃል፣ አለቀ።

ቀለሙንም ደረቁን ብቻ አይቼ ነበር የመዘገብኩት። ሲርስ ይጠቁራል። አሁን ሁለቱንም መንሰል ከሚባለው የአፈር ቀለም ማነጻጸሪያ መጽሐፍ ጋር አስተያያለሁ፤ የፀሐይ መነጽሬን አውልቄ።