በአያት መጋገሪያ ከግሉተን ነፃ ዋፍል ሲሠሩ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

የአያቴ የዋፍል መጋገሪያ እጄ የገባ ዕለት ማጠፊያውን በስቴኪኒ ጎረጎርኩት። ስንጥሩ እንደ ቡና አተላ የጠቆረ፣ በጥፍር ሲጫኑት የሚፈረፈር ሊጥ ይዞ ወጣ። ስንት ዓመት እዚያ እንደተቀመጠ እንጃ፤ ስንዴ መሆኑን ግን አልጠራጠርም፣ ያ ብረት ሌላ ዱቄት አያውቅም።

እሳቱ ያጸዳዋል ብሎ ማሰብ

ከሁሉም የከፋው ስህተት ይኸኛው ነው። ግሉተን ጀርም አይደለም፤ ስንዴ ውስጥ ያለ፣ ሊጥን የሚያያይዝ ፕሮቲን ስለሆነ ዋፍል የሚጋገርበት ሙቀት አያጠፋውም። በብዙ አገሮች «ከግሉተን ነፃ» ለመባል የተቀመጠው ጣሪያ በኪሎ 20 ሚሊግራም ነው። መቶ ግራም ለሚመዝን ዋፍል 2 ሚሊግራም ማለት ነው፤ እኔ በስቴኪኒ ያወጣሁት ብቻ ይህን ሳያልፍ አይቀርም።

ስለዚህ መጀመሪያ የሚበላው ማን እንደሆነ ይወቁ። ስንዴ የተወው በምርጫው ከሆነ ደህና አድርጎ መቦረሽ ይበቃል። ሴሊያክ (ግሉተን ሲበሉ አንጀትን የሚጎዳ በሽታ) ያለበት ከሆነ ግን በብረቱ ላይ ለዓመታት የተጋገረው ጥቁር የዘይት ሽፋን ራሱ ፍርፋሪ ይዟል። ምድጃ ላይ የሚጣድ ከባድ ብረት ከሆነ ሽፋኑን እስከ ባዶው ብረት ድረስ ማንሳት፣ ከዚያ እንደ አዲስ ማሟሸት ይቻላል፦ የእንጨት እጀታውን ፈትተው፣ ዘይት ስስ አድርገው ቀብተው፣ ትርፉን በጨርቅ ጠርገው፣ ኦቭን ውስጥ በ230 ዲግሪ ለአንድ ሰዓት ያቆዩታል። ሦስት ጊዜ ቢደጋግሙት ጥሩ ነው።

የኤሌክትሪክ ሆኖ ሊጡ የሚፈስበት ብረት የማይፈታ ከሆነስ? እኔ መደርደሪያ ላይ አስቀምጬ ለታማሚው ሌላ እገዛለሁ። ይህን ስል የሚያኮርፍ ዘመድ አይጠፋም፤ ያኩርፍ።

ገመዱን ሳያዩ መሰካት

በጨርቅ የተሸፈነ የድሮ ገመድ ከላይ ደህና መስሎ ውስጡ ያለው ጎማ ተሰነጣጥቆ ሊሆን ይችላል። በአንዳንዶቹ ውስጥ አስቤስቶስም (ብናኙ ሲተነፍሱት ሳንባ የሚጎዳ ማዕድን) አለ፤ ስለዚህ ራስዎ ከፍተው ከመፋቅ ለኤሌክትሪክ ባለሙያ ያሳዩት። ውኃ ውስጥ መንከር ደግሞ በፍጹም።

የአያትን ልኬት እንዳለ መውሰድ

አንድ ኩባያ የስንዴ ዱቄት 120 ግራም ገደማ ሲመዝን የሩዝ ዱቄት 150 ግራም ሊደርስ ይችላል። በኩባያ ብቻ ከቀየሩ ሊጡ እንደ ጭቃ ይወፍራል። በሚዛን ይስሩ። የሩዝ ዱቄት ብቻውንም አይሆንም፤ ሲሶውን ያህል የድንች ወይም የካሳቫ ስታርች ቢጨምሩበት ዋፍሉ ቀለል ይላል። ሊጡን አያይዞ የሚይዘው ግሉተን ስለሌለ፣ ለ250 ግራም ዱቄት ግማሽ የሻይ ማንኪያ ዛንታን ገም (ሊጥ የሚያያይዝ ዱቄት) ያስፈልጋል። ከዚያ በላይ ሲሆን እንደ ማስቲካ ይጎተታል። ቤኪንግ ፓውደሩ የስንዴ ስታርች እንደሌለበት ማሸጊያውን ያንብቡ።

ሊጡን ሳያሳርፉ ማፍሰስ

የሩዝ ዱቄት ውኃ የሚጠጣው ቀስ ብሎ ነው። ወዲያው ከተጋገረ ጥርስ ስር እንደ አሸዋ ይንቀጫቀጫል። ሃያ ወይም ሠላሳ ደቂቃ ያቆዩት፤ ከወፈረ በአንድ ሁለት ማንኪያ ወተት ያቅጥኑት። በስንዴ ሊጥ ብዙ ማማሰል ያስፈራል፤ እዚህ የሚጠነክር ግሉተን ስለሌለ እንደልብዎ ያማስሉ።

ቶሎ መክፈት

የመጀመሪያው ዋፍሌ ለሁለት ተገንጥሎ ግማሹ ከላይ፣ ግማሹ ከታች ተጣበቀ። በሹካ ስለቅም አመሸሁ። ከግሉተን ነፃ ሊጥ ከስንዴው ዘግይቶ ነው የሚጸናው፤ አብዛኛውን ጊዜ ከአምስት እስከ ሰባት ደቂቃ ይፈልጋል። የድሮ መጋገሪያ ብዙውን ጊዜ በስሏል የሚል መብራት የለውም፤ ምልክቱ እንፋሎቱ ነው። በጎን የሚወጣው ጢስ መሰል እንፋሎት እስኪሳሳ ክዳኑን አይንኩ። ሲሳሳ በቀስታ ይሞክሩት፤ እንቢ ካለ አይታገሉት፣ አንድ ደቂቃ ይጨምሩ።

መጣበቁ ሁልጊዜ የመቸኮል ውጤት አይደለም። ብረቱ ሳይግል ከፈሰሰበትም ይይዛል፦ ጠብታ ውኃ ሲጥሉበት እየዘለለ ካልጠፋ ገና ነው። ስኳር ሲበዛም ይጣበቃል። በቆርቆሮ የሚመጣውን የሚረጭ ዘይት እኔ ትቼዋለሁ፤ ብዙዎቹ ሌሲቲን የሚባል ማዋሃጃ ስላለባቸው ብረቱ ላይ ሙጫ የመሰለ ነገር ይተዋሉ። ተራ ዘይት በብሩሽ ይበቃል።

ደራርቦ ማስቀመጥ

በሳህን ላይ ከተደራረበ በራሱ እንፋሎት ይለሰልሳል። ሽቦ ላይ ለየብቻ ያስቀምጡት። የተረፈው ለስልሶ ካደረ ቶስተር ውስጥ ይመለሳል፤ ያ ቶስተር የስንዴ ዳቦ የሚጠበስበት ከሆነ ግን በስቴኪኒ መጎርጎሩ ሁሉ ከንቱ ይሆናል።