የእግዚአብሔርን ታማኝነት መዝግቦ ማቆየት

እስራኤላውያን ዮርዳኖስን ከተሻገሩ በኋላ ከወንዙ መካከል 12 ድንጋዮች አንሥተው እንዲያቆሙ የታዘዙት፣ ልጆቻቸው ስለ ድንጋዮቹ ሲጠይቁ እግዚአብሔር ያደረገውን እንዲነግሯቸው ነበር (ኢያሱ 4)። ሰው ውለታ ቶሎ ይረሳልና እርስዎም ለዚሁ የሚሆን አንድ ደብተር ያዘጋጁ።

ቀኑን፣ የጸለዩበትን ጉዳይና የሆነውን ነገር በዝርዝር ይጻፉ፤ «ጌታ ረዳኝ» ብሎ ማለፍ ከዓመት በኋላ ብዙም ስለማያስታውስ፣ የቤት ኪራይ መክፈያው ሲደርስ ምን ያህል ጎድሎ እንደ ነበርና ገንዘቡ በማን እጅ እንደ መጣ ጭምር ይመዝገብ። መልስ ያላገኘውንም ጸሎት አይዝለሉ። በእኔ አስተያየት ደስ የሚያሰኘውን ብቻ የያዘ መዝገብ በመከራ ቀን አያጽናናም፤ መዝሙር 77 እንኳ የሚጀምረው በጩኸት ሲሆን፣ ዘማሪው አሳፍ የጥንቱን ተአምራት ወደ ማስታወስ የሚዞረው «እግዚአብሔር ለዘላለም ይጥላልን?» እያለ ከጠየቀ በኋላ ነው።

ጭንቀት ሲመጣ፣ ልመናዎን ከማቅረብዎ በፊት ከደብተሩ አንድ ገጽ ድምፅዎን አሰምተው ያንብቡና ያመስግኑ፤ ከዚያም የዛሬውን ጉዳይ ለይተው ለእግዚአብሔር ያስረክቡ፣ የእጅዎን ሥራ ግን አይተዉ። በጳጉሜን የዓመቱን መዝገብ ከቤተሰብዎ ጋር አንብበው፣ ገና መልስ የሚጠብቁትን ጉዳዮች ወደ አዲሱ ዓመት ደብተር ያሻግሩ።