የፒኤችዲ ጥናት ምዕራፍ ሦስት እንዴት ይጻፋል? ከኮዬ ፈጬ ደጃፎች

«ልጄ፣ ይሄ ሁሉ ቤት እያለ የእኛን በምን መረጥሽው?»

ይህን የጠየቁኝ ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ በር የከፈቱልኝ እናት ናቸው። መጠይቄን ይዤ ደጃቸው ላይ ቆሜ ነበር። ምዕራፍ ሦስት፣ ማለትም የጥናት ዘዴው ምዕራፍ፣ ለእሳቸው ጥያቄ በቂ መልስ መስጠት አለበት። በዲፌንስ ቀን፣ ጥናታችሁን ቀርባችሁ ስትከላከሉ፣ ፈታኞች የሚጠይቁትም ይህንኑ ነው።

ብዙዎቻችን ምዕራፍ ሦስትን የምንጀምረው የሌላ ሰው ጥናት ከፍተን ነው። «አሃዛዊ ጥናት ማለት…» እያልን ትርጉም እንደረድራለን። ትርጉሙን ፈታኙ ያውቀዋል። ማወቅ የሚፈልገው ምን እንዳደረጋችሁና ለምን እንደዚያ እንዳደረጋችሁ ነው።

ከጥያቄዎቻችሁ ጀምሩ

አንድ ወረቀት ላይ አራት ዓምድ አስምሩ፦ የጥናት ጥያቄ፣ የሚያስፈልገው መረጃ፣ መረጃውን የሚሰጠው ሰው፣ መተንተኛው መንገድ። የእኔ ጥናት ውኃ በፈረቃ ስለሚያገኙ ቤተሰቦች ነው። «በወር ለውኃ ስንት ብር ያወጣሉ?» ለሚለው ቁጥር ያስፈልጋል፤ ስለዚህ መጠይቅ አዘጋጀሁ። «አንዱ ሮቶ ሲገዛ ሌላው ለምን ጀሪካን ይሸከማል?» የሚለው ግን ቁጭ ብሎ ማውራትን ይጠይቃል። ለዚህ ቃለ መጠይቅ ጨመርኩ። ሁለቱን አጣምሮ የሚይዘውን ቅይጥ ዘዴ የመረጥኩት ከዚህ ተነስቼ ነው።

ፖዚቲቪዝም፣ ፕራግማቲዝም ለሚባለው፣ እውቀት እንዴት ይገኛል ለሚለው የፍልስፍና ክፍል ሁለት ገጽ ይበቃል ባይ ነኝ። ከጥያቄዎቻችሁ ጋር አያይዙት እንጂ ታሪኩን አትተርኩ።

ናሙናው ላይ ጊዜ ውሰዱ

ናሙና ማለት ከሁሉም ቤቶች መካከል ለመጠየቅ የምትመርጧቸው ናቸው፤ ጥናት በብዛት የሚናጋው እዚህ ጋ ነው። መጀመሪያ የቤቶቹን ዝርዝር ከየት እንዳገኛችሁ ጻፉ። በአዲስ አበባ ዳርቻ ይህ ቀላል አይደለም። የመጨረሻው የሕዝብና ቤት ቆጠራ የተካሄደው በ1999 ዓ.ም. ነው፤ ያኔ ኮንዶሚኒየሙ አልተሠራም። ዕጣ የወጣላቸው ሰዎች ዝርዝር ቢገኝ እንኳ ስንቱ ቤት ውስጥ የሚኖረው ተከራይ ነው፤ ባዶውን የተቆለፈም አለ። የእድር መዝገብም ቢሆን ተከራይና አዲስ ገቢ ሊያመልጠው ይችላል። ስለዚህ ብሎክ በብሎክ ዞራችሁ በሮቹን ራሳችሁ ቁጠሩ። የቆጠራችሁበትን ቀን መዝግቡ። ሰው ያለበትንና የተዘጋውን ለዩ።

ከዚያ ስሌቱ ይመጣል። ሰው የሚኖርባቸው ቤቶች 2,400 ናቸው እንበል። የናሙናን ብዛት በሚያሰላው በታሮ ያማኔ ቀመር፣ 5 በመቶ የስህተት ወሰን ይዘን፣ 2,400ን ለ7 እናካፍላለን። 7 የመጣው 1 + 2,400 × 0.0025 ከሚለው ነው። ውጤቱ 343 ቤት ይሆናል። እምቢ የሚልና የማይገኝ ስለማይጠፋ 10 በመቶ ጨምሩ፤ 378 ቤት። ይህ ቀመር ግን ሁሉም ቤት እኩል ዕጣ ውስጥ ሲገባ ነው የሚሠራው። ጥቂት ብሎኮችን ብቻ መርጣችሁ እዚያ ውስጥ ያሉትን የምትጠይቁ ከሆነ ቁጥሩ ያንሳችኋል፤ የአንድ ብሎክ ሰዎች ችግራቸው ይመሳሰላልና።

አሁን ወጥመዱን ልንገራችሁ። 2,400ን ለ378 ስናካፍል 6 ግድም ስለሚመጣ በየስድስተኛው በር ማንኳኳት ያምራል። እያንዳንዱ ፎቅ ላይ ስድስት በር ካለ ግን ሁልጊዜ የምትደርሱት አንድ ጥግ ላይ ነው። የመረጣችሁት ቤት ሁሉ ስቱዲዮ ሊሆን ይችላል! በዚያ ላይ ግፊት ሲያንስ ውኃው ላይኛው ፎቅ አይደርስም፤ ምድር ቤት ያለው ሰው ይቀዳል። እኔ ቤቶቹን መጀመሪያ በፎቅ ከፋፍዬ፣ ከየፎቁ በብዛታቸው ልክ በዕጣ አወጣሁ። ለእኚያ እናትም የነገርኳቸው ይህንኑ ነው።

መጠይቁን አስቀድማችሁ ፈትኑ

አካባቢው አማርኛም አፋን ኦሮሞም ይናገራል። አንድ ሰው ይተርጉም፤ ዋናውን ያላየ ሌላ ሰው መልሶ ይተርጉመው፤ ሁለቱን አስተያዩ። ከዚያ ናሙናችሁ ውስጥ በሌለ ሰፈር ሞክሩት። እኔ ቱሉ ዲምቱ ሄድኩ። «በሳምንት ስንት ጀሪካን ይጠቀማሉ?» ብዬ ስጠይቅ የአንዱ ጀሪካን 20 ሊትር፣ የሌላው 25፣ የሌላው 5 ሆኖ አገኘሁት። ጥያቄውን ወደ ሊትር ቀየርኩ። እንዲህ ያለውን ለውጥ አትደብቁ፤ ምዕራፉ ውስጥ ጻፉት።

ጥያቄዎች እርስ በርስ ምን ያህል እንደሚጣጣሙ የሚያሳየው ቁጥር፣ ክሮንባክ አልፋ፣ 0.70 እና ከዚያ በላይ ሲሆን ብዙ ጊዜ ተቀባይነት አለው። የምታሰሉት ግን አንድን አመለካከት በጋራ ለሚለኩ ጥያቄዎች ብቻ ነው። ለጀሪካን ብዛት አልፋ አይሰላም።

መስክ ላይ የሆነውን መዝግቡ

በሥራ ቀን ሠራተኛው ሰው ጎህ ሳይቀድ ወጥቶ ማታ ነው የሚገባው። ስለዚህ ቅዳሜና እሑድን መረጥኩ፤ ምክንያቱንም ጻፍኩ። አንድ ቤት ስንት ጊዜ ተመላልሳችሁ እንደተዋችሁት ይገለጽ። እኔ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት የመለሱልኝን ብቻ ነበር የመዘገብኩት። አማካሪዬ «እምቢ ያሉት ስንት ናቸው?» ሲሉኝ መልስ አጣሁ። እነዚያን ብሎኮች እንደገና መዞር ግድ ሆነብኝ።

ከዩኒቨርሲቲው የሥነ ምግባር ፈቃድ፣ ለወረዳው የድጋፍ ደብዳቤ፣ ከእያንዳንዱ ሰው ፈቃደኝነት ያስፈልጋል። ተከራይ የቤት ቁጥሩ ሲጻፍ ይሰጋል። ኮድ ስጡት፤ የኮዱን ዝርዝር ከመልሶቹ ለይታችሁ ቆልፉበት።

ከመስክ ስትመለሱ በፕሮፖዛሉ «ይሰበሰባል» ያላችሁትን ሁሉ «ተሰበሰበ» በሉት። ያልሆነውን አውጡ፤ የተቀየረውን ከነምክንያቱ አስገቡ። ከዚያ ምዕራፉን ከሌላ ትምህርት ክፍል ላለ ጓደኛ ስጡ። «ይህን ብቻ ይዘህ ኮዬ ፈጬ ሂድ ብልህ ሥራዬን መድገም ትችላለህ?» ብላችሁ ጠይቁት። የተደናገረበት ቦታ ላይ ጨምራችሁ ጻፉ።