ስለ አረብ አገሮች ጋዝ ስናወራ የምንሳሳታቸው ነገሮች

(ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው)

አንደኛው ስህተት ነዳጅ ያለው አገር ሁሉ ጋዝ ተርፎታል ማለት ነው። እንደዛ ቢሆንማ ኩዌት ከ2009 ጀምሮ በመርከብ ፈሳሽ ጋዝ (በጣም ቀዝቅዞ ፈሳሽ የሆነ የተፈጥሮ ጋዝ) ባላስገባች። የሷ ጋዝ አብዛኛው ከድፍድፉ ጋር አብሮ የሚወጣ ስለሆነ የነዳጅ ላኪ አገሮች ማህበር ኦፔክ ምርት ቀንሱ ሲል ጋዙም አብሮ ይወርዳል። ኤምሬትስም ብትሆን በዶልፊን ቧንቧ ከኳታር ነው የምታስመጣው፣ 2017 ላይ ከነሳዑዲ ጋር ሆና ኳታር ላይ በር ስትዘጋ እንኳን ያንን ቧንቧ ማንም አልነካውም፣ ኩርፊያው ከጋዝ በሚመነጭ መብራት እስከሚሰራው ኤሲ ድረስ አልደረሰም 😀

ሁለተኛው የዓመቱን ፍጆታ ለአስራ ሁለት አካፍሎ በቂ ነው ማለት። እዛ ጣጣው ሙቀቱ ላይ ነው። ኩዌት የሰራ ሀበሻ ያውቀዋል፣ ቴርሞሜትሩ 50 ሲጠጋ ኤሲ ሌሊትም አይጠፋም፣ የሚጠጣው ውሃ ራሱ ከባህር ጨው ወጥቶለት ስለሚመጣ እሱም ሀይል ይበላል። ጁን 2024 ላይ ያቺ ሀብታም አገር መብራት በፈረቃ አጠፋች።

ሶስተኛው መሬት ውስጥ ያለን ጋዝ እጅ ላይ እንዳለ መቁጠር ነው፣ ኢራቅን ማየት ይበቃል። ባስራ አካባቢ ከነዳጁ ጋር የሚወጣውን ጋዝ ሰብስቦ የሚያጣራ በቂ ፋብሪካ ስለሌለ እዛው ያቃጥሉታል፣ ሰማዩ ማታ ማታ ቀይ ነው፣ መብራት ሀይሉ ግን ለዓመታት ከኢራን ጋዝ ሲገዛ ነው የኖረው። ኢራን ደግሞ ለራሷ ሲያጥራት ትቀንሳለች፣ ያኔ የባግዳድ ሰው በየወሩ እየከፈለ ወደ ሰፈር ጀነሬተር ነው።

ግብፅን ደግሞ አንዴ ላኪ ከሆነች ሁሌም ላኪ ናት ብለው የሚከራከሩ አሉ። ዞህር የሚባለው ትልቁ የባህር ውስጥ ጋዝ 2015 ሲገኝ እውነትም ሁሉም ነገር የተፈታ መስሎ ነበር፣ 2018 ላይ ፈሳሽ ጋዝ ማስገባት አቆመች፣ ግን ምርቱ ከ2021 በኋላ እየወረደ ፍጆታው ሲጨምር 2023ም 2024ም ካይሮ መብራት በፈረቃ ሆነ፣ ፈሳሽ ጋዝ የጫኑ መርከቦችም እንደገና መምጣት ጀመሩ። ከእስራኤል በቧንቧ የሚመጣውን ጋዝ ብዙ ሰው አያስበውም እንጂ ጁን 2025 ላይ እስራኤልና ኢራን ሲዋጉ ሌቪያታን የሚባለው የእስራኤል የጋዝ ማውጫ ተዘጋና ግብፅ ውስጥ የማዳበሪያ ፋብሪካዎች ቆሙ።

የመጨረሻው፣ ዶልፊንን አይቶ ቧንቧ ከፖለቲካ በላይ ነው ማለት። አልጄሪያ 2021 ላይ ከሞሮኮ ጋር ስትጣላ በሞሮኮ በኩል ወደ ስፔን በቧንቧ የሚያልፈውን ጋዝ ቆረጠችው፣ አሁን ሞሮኮ በዛው ቧንቧ በተቃራኒው ከስፔን ታስመጣለች።