ሒሳብ ከፍሎ የወጣ ደንበኛ ተመልሶ እንዲመጣ እንዴት ይደረጋል?

ሰሞኑን ሰፈሬ ካለ አንድ ሚኒ ማርኬት ወተትና ዳቦ ገዛሁ። ሦስት ብር መልስ ነበረኝ። ካሸሯ ቀና ሳትል ሦስት ማስቲካ ባንኮኒው ላይ አስቀመጠችልኝ። "ዝርዝር የለም፣ ይቅርታ" እንኳን አላለችም። ሦስት ብር ከቁብ የሚቆጠር ገንዘብ አይደለም። ነገሩ ግን እስከ ቤቴ ድረስ ሲከነክነኝ ሄደ። አሁን ወተት የምገዛው ከመንገዱ ማዶ ነው።

የሱቁ ባለቤት ይህን አያውቅም። ለመደርደሪያው፣ ለመብራቱ፣ ለፍሪጁ ብዙ ገንዘብ አውጥቷል። እኔን ያጣኝ ግን በሩ ጋ ልደርስ ሁለት እርምጃ ሲቀረኝ ነው። ሱቅ፣ ካፌ ወይም ፋርማሲ ያላችሁ ሰዎች፣ ደንበኛን የማቆየት ሥራ ከዚያ ባንኮኒ ይጀመራል። የደንበኝነት ካርዱና ነጥቡ ከዚያ በኋላ የሚመጣ ነው።

1. ራሳችሁ ተሰለፉ

ቅዳሜ ከሰዓት ወይም በበዓል ዋዜማ የራሳችሁ ሱቅ ውስጥ እንደ ደንበኛ ተሰለፉ። ሰዓታችሁን እያያችሁ ቁሙ። መደርደሪያው ላይ የተለጠፈው ዋጋና ማሽኑ የሚያወጣው ዋጋ አንድ መሆኑን አረጋግጡ። ከዚያ በቴሌብር የሚከፍለውን ሰው ተመልከቱ። "ገባልሽ?" ይላል። "ኧረ አልገባም፣ ትንሽ ይጠብቁ" ትላለች። ለምን? መልእክቱ የሚገባበት ስልክ ያለው ባለቤቱ ኪስ ውስጥ ነዋ! እሷ ደውላ እስክታረጋግጥ ሰልፉ በሙሉ ይቆማል። ስልኩ ባንኮኒው ላይ ይቀመጥ። ይህች ብቻ ብትስተካከል ሰልፉ ይቀንሳል።

2. መልስ በብር ይመለስ

ጠዋት ሱቁ ከመከፈቱ በፊት የ5 እና የ10 ብር ኖቶች፣ የ1 ብርና የ50 ሳንቲም ዝርዝር አዘጋጁ። ከባንክም፣ ዝርዝር ከሚበዛባቸው ታክሲዎችም ይገኛል። አልቆ ከተገኘ ደግሞ ጉዳቱ ወደ ሱቁ ይሁን። በቀን ለ20 ሰው ሁለት ሁለት ብር ብትተዉ 40 ብር ነው። ከማስታወቂያ ወጪ ቁጠሩት። በዚህ ዋጋ ከዚህ የተሻለ ማስታወቂያ አላውቅም።

3. ምርቃቱን በካርድ አድርጉት

ነገሩ ለእኛ አዲስ አይደለም። ገበያ ላይ ሽንኩርት ተመዝኖ ካለቀ በኋላ "መርቂልኝ እንጂ!" የማይል ማን አለ? ሻጯም አንድ ሁለት ራስ ትጨምራለች። ደንበኝነት የሚጸናው በዚያች ጭማሪ ነው። በተገዛ ቁጥር ማህተም የሚመታበት ካርድ ይህንኑ ምርቃት ወደ ሱቅ የሚያመጣ ነው፤ "10 ከገዙ 11ኛው በነጻ" እንደሚባለው።

እዚህ ላይ አንድ ጠቃሚ ነገር አለ። ጆሴፍ ኑነስና ዣቪየር ድሬዝ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2006 ያሳተሙት ጥናት አሜሪካ ውስጥ በአንድ ላቫጆ የተሠራ ነው። ለ300 ደንበኞች ካርድ ታደለ። ግማሾቹ ባለ 8 ማህተም ባዶ ካርድ ተሰጣቸው። ግማሾቹ ደግሞ ባለ 10 ማህተም፣ ግን ሁለቱ ቀድሞ የተመታበት ካርድ ደረሳቸው። ሁለቱም ወገን የሚቀራቸው 8 እጥበት ነው። ባዶውን ካርድ ከያዙት የጨረሱት 19 በመቶ ሲሆኑ፣ የተጀመረውን ከያዙት ግን 34 በመቶ ጨረሱ። ሰው የጀመረውን መጨረስ ይወዳል። ስለዚህ ካርዱን ባዶውን አትስጡ። ካሸሯ ደንበኛው ፊት ሁለት ማህተም መትታ፣ "ይኸው፣ ጀምሬልዎታለሁ" ብላ በእጁ ትስጠው።

ከመታተሙ በፊት ግን ሒሳቡን ሥሩ። ጁስ በ100 ብር ትሸጣላችሁ፣ ወጪው 60 ብር ነው እንበል። ከ10 ጁስ 400 ብር ታተርፋላችሁ። 11ኛው በነጻ ሲሄድ 60 ብር ይወጣል፣ 340 ይቀራችኋል። ያዋጣል። ከ100 ብር 5 ብር ብቻ በሚያተርፍ ዕቃ ላይ ይህንኑ ብታደርጉት ግን ከ10ሩ 50 ብር አግኝታችሁ ለ11ኛው 95 ብር ትከፍላላችሁ። እንደ ዘይትና ስኳር ትርፋቸው ቀጭን የሆኑ ዕቃዎችን ካርዱ ውስጥ አታስገቡ። ምርቃቱ ራሳችሁ ከምትጋግሩት ዳቦ ወይም ከምታፈሉት ቡና ይሁን።

4. ስልክ ቁጥር ስትጠይቁ ምክንያቱን ንገሩ

የእንግሊዙ የሱፐርማርኬት ኩባንያ ቴስኮ ክለብካርድ የተባለውን ካርዱን በመላ አገሪቱ ያስጀመረው እ.ኤ.አ. በ1995 ነው። ደንበኛው ሲከፍል ካርዱን ያሳያል፣ ነጥብ ይጠራቀምለታል፣ ነጥቡ ወደ ቅናሽ ኩፖን ይቀየራል። ኩባንያው ደግሞ በምላሹ ማን ምን እንደሚገዛ ያውቃል። የያኔው ሊቀ መንበር ኢያን ማክላውሪን ካርዱ በመላ አገሪቱ ከመጀመሩ በፊት የተደረገውን ሙከራ ውጤት ሲያዩ፣ ሙከራውን ያጠኑት ሰዎች በ3 ወር ስለ ደንበኞቹ ያወቁት እሳቸው በ30 ዓመት ካወቁት እንደሚበልጥና ነገሩ እንዳስፈራቸው ተናግረዋል።

ትንሽ ሱቅ ይህን በደብተር ይሠራዋል። ስም፣ ስልክ፣ አዘውትሮ የሚገዛው ዕቃ፤ ሌላ አያስፈልግም። አጠያየቁ ግን ወሳኝ ነው። "ስልክ?" ብሎ ማፍጠጥ ሰውን ያስደነግጣል። "የሚወስዱት የሕፃን ወተት ሲመጣ መልእክት እንድልክልዎ ስልክዎን ልመዝግብ?" ሲባል ግን ብዙ ሰው በደስታ ይሰጣል። አልፈልግም ካለም በዚያው ፈገግታ ይሸኝ። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷልና የሰው ቁጥር ያለ ፈቃዱ መያዝም ሆነ ለሌላ ማቀበል ቀልድ አይደለም። ደብተሩ ማታ ማታ ይቆለፍበት። መልእክቱም በወር ከሁለት አይብለጥ።

የምትልኩት ነገር ሰውየው ከሚገዛው ይነሳ። ረቡዕና አርብ የኑግና የሰሊጥ ዕቃ የሚወስድ ደንበኛ ሁዳዴ ሊፈታ ሳምንት ሲቀረው የቅቤና የእንቁላል ቅናሽ ወረቀት ከደረሰኙ ጋር ቢሰጠው ይደሰታል። በስሙ ወይም በአለባበሱ ግን ሃይማኖቱን አትገምቱ። ዘንቢሉ የሚነግራችሁ ይበቃል።

5. ካሸሯ መወሰን ትችል

"እትዬ፣ አንዱ እንቁላል ተሰብሯል፣ ልቀይርልዎት" ለማለት ባለቤቱን መጥራት የለባትም። በቀን እስከዚህ ብር ድረስ በራሷ ታስተካክል ብላችሁ ገደብ አስቀምጡላት። ወንበርም አድርጉላት። ስምንት ሰዓት ሙሉ ከቆመ ሰው ፈገግታ መጠበቅ ግፍ ነው።

ከረሜላና ቸኮሌት በልጅ ቁመት ባንኮኒው ሥር መደርደርም ይቅር። እንግሊዝ ውስጥ ከጥቅምት 2022 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ትልልቅ ሱቆች ስብና ስኳር የበዛባቸውን ምግቦች መክፈያው አካባቢ እንዳይደረድሩ ተከልክለዋል። እዚህ ሕግ ባይኖርም፣ ልጇ ሰልፍ ላይ እየተንፈራፈረ ያለቀሰባት እናት በሚቀጥለው ወደ እናንተ ሱቅ መምጣቱን ሁለት ጊዜ ታስብበታለች። ቦታው ላይ ክብሪት፣ ባትሪ፣ የስልክ ገመድ ይሸጥ።

6. በወር አንዴ ቁጠሩ

ከታደሉት ካርዶች ስንቶቹ ተመልሰው ማህተም ተመታባቸው? ከ100 ካርድ 10 ብቻ ከተመለሱ ወይ ምርቃቱ ሩቅ ነው፣ ወይ ካሸሮቹ "ካርድ ይዘዋል?" ማለት ረስተዋል። የትኛው እንደሆነ ቢሮ ተቀምጦ አይታወቅም። ቅዳሜ ከሰዓት ዘንቢላችሁን ይዛችሁ ተመልሳችሁ ተሰለፉ።