ባትሪ ከመቀየርዎ በፊት፦ የላፕቶፕ ባትሪና የኃይል አጠቃቀም ችግርና መፍትሄ

«ባትሪው ሞቷል» የተባለ ላፕቶፕ ሁሉ ባትሪው የሞተ አይደለም። ቻርጀሩ አቅም አንሶት፣ ክዳኑ ተዘግቶም ኮምፒውተሩ ሥራ አላቆም ብሎ ወይም የመቶኛ ቁጥሩ ተዛብቶ ሊሆን ይችላል። አዲስ ባትሪ ተገዝቶ ችግሩ ካልለቀቀ ወጪው ባከነ ማለት ነው፤ ዋጋው ደግሞ ቀላል አይደለም። ምልክቱ ምንም ይሁን ምን፣ አስቀድሞ መለካት ይሻላል።

መጀመሪያ ሁለት ቁጥሮችን ያንብቡ

በዊንዶውስ 10 እና 11 ስታርት ሜኑ ላይ «ሲኤምዲ» ብለው ፈልገው ኮማንድ ፕሮምፕትን ይክፈቱ። «ፓወርሲኤፍጂ» የሚለውን በላቲን ፊደል እንደ አንድ ቃል ይጻፉ፤ አንድ ባዶ ቦታ ይተዉ፤ ፎርዋርድ ስላሽ ያስገቡና «ባትሪሪፖርት» የሚለውን አያይዘው ጽፈው ኢንተርን ይጫኑ። ሪፖርቱ የት ፎልደር እንደተቀመጠ እዚያው ይጽፍልዎታል፤ ፋይሉን በብራውዘር ይክፈቱት።

የሚፈልጉት «ዲዛይን ካፓሲቲ» እና «ፉል ቻርጅ ካፓሲቲ» የሚሉትን ነው። የመጀመሪያው ባትሪው ከፋብሪካ ሲወጣ የነበረው አቅም ሲሆን ሁለተኛው ዛሬ ሞልቶ መያዝ የሚችለው ነው። ለምሳሌ ዲዛይኑ 45,000 ሚሊዋት ሰዓት፣ የዛሬው 31,500 ከሆነ ሁለተኛውን ለመጀመሪያው ያካፍሉ፤ ባትሪው 70 በመቶ ቀርቶታል ማለት ነው። ከ80 በላይ ከሆነ ጥፋቱን ከባትሪው ላይ አንሱና ሌላ ቦታ ፈልጉ። ከ50 እስከ 80 ያለው የዕድሜ ጉዳይ ነው፣ ገና ይሠራል። ከ50 በታች ከወረደ ሴቲንግ በመነካካት የሚመለስ ነገር ስለሌለ ቅያሪ ያስፈልገዋል።

ማክቡክ ላይ የኦፕሽን ቁልፍን ይዘው የአፕልን ምልክት ይጫኑ፤ «ሲስተም ኢንፎርሜሽን» ከዚያም «ፓወር» ውስጥ «ሳይክል ካውንት» እና «ኮንዲሽን» ይገኛሉ። ከ2010 ወዲህ የወጡት አብዛኞቹ ማክቡኮች ጣሪያቸው 1,000 ሳይክል ነው። አንድ ሳይክል ማለት አንዴ ቻርጀር መሰካት አይደለም፤ ዛሬ 60 በመቶ፣ ነገ 40 በመቶ ከተጠቀሙ ሁለቱ ተደምረው አንድ ሳይክል ይሆናሉ።

ባትሪው ጤነኛ ነው፣ ቻርጁ ግን ቶሎ ያልቃል

እዚህ ላይ ሂሳቡ ቀላል ነው። 45 ዋት ሰዓት የሚይዝ ባትሪ ያለው ላፕቶፕ 9 ዋት ከበላ 5 ሰዓት ይቆያል፤ 18 ዋት ከበላ ግን ሁለት ሰዓት ተኩል ብቻ። ስለዚህ የሚበላውን ማግኘት ነው።

«ሴቲንግስ»፣ «ሲስተም»፣ «ፓወር ኤንድ ባትሪ» ውስጥ ገብተው «ባትሪ ዩሴጅ» የሚለውን ይክፈቱ። የትኛው ፕሮግራም ምን ያህል እንደወሰደ በመቶኛ ይዘረዝራል። ብዙ ጊዜ ከላይ የሚገኘው ብዙ ታብ የተከፈተበት ብራውዘር ወይም የቪዲዮ ስብሰባ ነው። ሳይከፍቱት ከኋላ የሚሠራ ፕሮግራም ካዩ፣ ታስክ ማኔጀርን ከፍተው «ስታርትአፕ አፕስ» ውስጥ ዲሴብል ያድርጉት። የደመና ማከማቻዎችና የመልእክት ፕሮግራሞች ኮምፒውተሩ ሲነሳ አብረው የመነሳት ልማድ አላቸው።

«ፓወር ኤንድ ባትሪ» ውስጥ «ፓወር ሞድ»ም አለ። ለጽሑፍ፣ ለኢሜልና ለኢንተርኔት «ቤስት ፓወር ኤፊሸንሲ» ይበቃል፤ «ቤስት ፐርፎርማንስ» ቻርጀር ተሰክቶ ከባድ ሥራ ሲሠራ ብቻ ይሁን። የስክሪን ብርሃን ትልቅ በላተኛ ስለሆነ ቤት ውስጥ ግማሽ ላይ ያውርዱት። ስክሪኑ 120 ወይም 144 ኸርዝ ከሆነ (ማለትም ምስሉን በሰከንድ ያን ያህል ጊዜ የሚያድስ ከሆነ) በባትሪ ሲሠሩ «አድቫንስድ ዲስፕሌይ» ውስጥ ገብተው 60 ያድርጉት።

ለብቻው ግራፊክስ ካርድ ያለው ላፕቶፕ ከሆነ ሌላም አለ። አንድ ፕሮግራም ያለ በቂ ምክንያት ትልቁን ካርድ ሲቀሰቅሰው የባትሪው ቆይታ በእጅጉ ያጥራል። «ዲስፕሌይ» ሥር «ግራፊክስ» ውስጥ ብራውዘሩን መርጠው «ፓወር ሴቪንግ» ላይ ያድርጉት።

ክዳኑ ተዘግቶ ቦርሳ ውስጥ እያለ ያልቃል፣ ሲያወጡትም ይሞቃል

መንስኤው «ሞደርን ስታንድባይ» የሚባለው የእንቅልፍ ዓይነት ነው። የአሁኖቹ ላፕቶፖች ክዳናቸው ሲዘጋ እንደ ስልክ በግማሽ ልብ ነው የሚተኙት፤ ከዋይፋይ ጋር እንደተገናኙ ሊቆዩና ለአፕዴት ሊነቁ ይችላሉ። አየር በማያገኝበት ቦርሳ ውስጥ ሲነቁ ይሞቃሉ፤ ሙቀቱም ከቻርጁ ማለቅ የከፋ ጉዳት ነው።

መፍትሄው ክዳኑ ሲዘጋ ሃይበርኔት እንዲያደርግ ማዘዝ ነው። ሃይበርኔት የተከፈተውን ሥራ ዲስክ ላይ አስቀምጦ ኮምፒውተሩን ከሞላ ጎደል ያጠፋዋል፤ ሲከፍቱት ጥቂት ሰከንድ ይዘገያል እንጂ ሥራዎ አይጠፋም። «ኮንትሮል ፓነል»፣ «ፓወር ኦፕሽንስ» ውስጥ በግራ በኩል የክዳኑን ሥራ የሚወስነውን ሊንክ ይጫኑ፤ «ኦን ባትሪ» ሥር «ሃይበርኔት» ብለው ሴቭ ያድርጉ። ሃይበርኔት ዝርዝሩ ውስጥ ከሌለ ኮማንድ ፕሮምፕትን እንደ አድሚኒስትሬተር ከፍተው «ፓወርሲኤፍጂ»፣ ባዶ ቦታ፣ ስላሽ «ሃይበርኔት»፣ ባዶ ቦታ፣ «ኦን» ብለው ያዝዙ። በተኙበት ሌሊት ማን እንደቀሰቀሰው ማወቅ ከፈለጉ በዚያው ትእዛዝ ስላሹ ቀጥሎ «ስሊፕስተዲ» ብለው ያስገቡ፤ እንደ ባትሪው ሪፖርት ያለ ፋይል ያወጣል።

ተሰክቷል፣ ግን ቻርጅ አያደርግም

80 በመቶ ወይም 60 በመቶ ገደማ ላይ ከቆመ ምናልባት ምንም አልተበላሸም። የቻርጅ ገደብ ተበጅቶለት ይሆናል፤ ከዚህ በታች እንመጣበታለን። ያገለገለ ላፕቶፕ ሲገዙ የቀድሞው ባለቤት ያበጀው ገደብ ባዮስ (ዊንዶውስ ከመነሳቱ በፊት የሚሠራው የኮምፒውተሩ መሠረታዊ ፕሮግራም) ውስጥ ሊቆይ ይችላል።

ቀጥሎ ቻርጀሩን ይመርምሩ። ጀርባው ላይ «አውትፑት» በሚለው መስመር ቮልትና አምፒር ተጽፏል፤ ሁለቱን ያባዙ። 19.5 ቮልት በ3.34 አምፒር 65 ዋት ይሰጣል። ላፕቶፑ 65 ዋት ጠይቆ እርስዎ 45 ከሰኩለት በጣም በዝግታ ይሞላል፤ ሥራ ሲበዛበት እንዲያውም ተሰክቶ እያለ ይወርዳል። ቮልቱ ከላፕቶፑ ጋር መመሳሰል አለበት፤ አምፒሩ ግን ቢበልጥ ጉዳት የለውም፣ ላፕቶፑ የሚፈልገውን ብቻ ነው የሚስበው።

በዴል ላፕቶፖች ዘንድ የተለመደ ችግር አለ። በክቡ የቻርጀር ጫፍ መካከል ያለችው ቀጭን ፒን ቻርጀሩ ማን እንደሆነ ለላፕቶፑ የምትነግር ናት። እሷ ከታጠፈች፣ ከተሰበረች ወይም ገመዱ አንገቱ ላይ ከተቆረጠ ላፕቶፑ የቻርጀሩን ዓይነት መለየት አልቻልኩም የሚል መልእክት ያወጣል፤ ይሠራል ግን ባትሪውን አይሞላም። ባትሪ መቀየር ይህን አይፈታም፤ ሌላ ደህና ቻርጀር ሰክተው ይሞክሩ፣ ካልሆነ ላፕቶፑ ላይ ያለውን የቻርጀር መሰኪያ ያስፈትሹ።

በዩኤስቢ ሲ የሚሞላ ከሆነ ከስልክ ጋር የመጣው ትንሽ ቻርጀር አይበቃውም። አብዛኛው ላፕቶፕ 20 ቮልት ይፈልጋል፤ ለዚህ «ፓወር ዴሊቨሪ» የተባለውን ከፍ ያለ ኃይል የማስተላለፊያ ስልት የሚደግፍ ቻርጀር ያስፈልጋል። ገመዱም ይለያያል፦ ተራው እስከ 3 አምፒር ማለትም 60 ዋት ብቻ ያሳልፋል፣ ከዚያ በላይ ለማሳለፍ 5 አምፒር የተጻፈበት መሆን አለበት።

ቻርጀሩ ደህና ከሆነ ላፕቶፑን አጥፍተው ቻርጀሩን ይንቀሉ፤ ባትሪው ከውጭ የሚወጣ ከሆነ ያውጡት። የፓወር ቁልፉን 30 ሰከንድ ያህል ተጭነው ይቆዩ፤ መልሰው ሰክተው ያስነሱ። ካልሆነ «ዲቫይስ ማኔጀር» ውስጥ «ባትሪስ» ሥር ያለውን «ማይክሮሶፍት ኤሲፒአይ» የሚለውን መስመር አንኢንስቶል አድርገው ሪስታርት ያድርጉ፤ ዊንዶውስ ራሱ መልሶ ይጭነዋል።

ለወራት ባዶውን ተቀምጦ የነበረ ባትሪ ሌላ ጉዳይ ነው። ሴሎቹ (ባትሪው የተሠራባቸው ትናንሽ ኃይል የሚይዙ ክፍሎች) ከተፈቀደው ቮልት በታች ሲወርዱ መከላከያ ሰርኪዩቱ በሩን ይዘጋል። ለተወሰነ ሰዓት ሰክተው ይተዉት፤ አንዳንዱ ቀስ ብሎ ይነሳል። ካልተነሳ በሌላ ኃይል «ማስነሳት» የሚሉትን አይሞክሩ፤ እንዲያ የተነሳ ሴል ውስጡ ተጎድቶ ኋላ ሊቃጠል ይችላል።

30 በመቶ እያለው ድንገት ይጠፋል

ሁለት መንስኤ አለው። አንደኛው የመቶኛ ቆጣሪው መሳሳት ነው፤ ባትሪው ውስጥ ያለው ቺፕ የቀረውን የሚያሰላው በግምት ስለሆነ ከጊዜ በኋላ ከእውነቱ ይርቃል። እስከ 100 ይሙሉት፤ ሳይነቅሉ ሁለት ሰዓት ያቆዩት፤ ነቅለው ራሱ እስኪጠፋ ይጠቀሙበት፤ ጥቂት ሰዓት አሳርፈው ሳያቋርጡ እስከ 100 ይሙሉት። መብራት የሚቆራረጥበት ቀን ለዚህ አይመረጥም። ይህን አዘውትሮ ማድረግም አያስፈልግም፤ ቆጣሪው መሳሳቱ ሲታይ ብቻ ነው፤ እስከ ዜሮ ማውረድ በራሱ ባትሪውን ያደክማል።

ከዚህ በኋላም 30 ላይ ከጠፋ አንድ ሴል ደክሟል። የአብዛኛው ላፕቶፕ ባትሪ ሁለት፣ ሦስት ወይም አራት ሴሎች በተከታታይ ተያይዘው የተሠራ ነው። አንዱ ደካማ ቀድሞ ሲወድቅ ሌሎቹ ኃይል ቢኖራቸውም ሁሉም ይቋረጣል። ይህ በሴቲንግ አይድንም።

ታችፓዱ ወደ ላይ ተገፍቷል፣ ክዳኑ አልገጥም ብሏል

ባትሪው አብጧል። ውስጡ ያለው ፈሳሽ ተበላሽቶ ጋዝ ፈጥሯል፤ እንደዚህ ያለውን ቻርጅ ማድረግ ወዲያውኑ ያቁሙ። ላፕቶፑን አጥፉ፣ አይጫኑት፣ ጋዙን ለማስወጣት ብላችሁ አትውጉት። የሚቀጣጠል ነገር ከሌለበት የሲሚንቶ ወለል ላይ አስቀምጡትና ለባለሙያ ይስጡት፤ የሚያወጣውም በፕላስቲክ መንቀያ እንጂ በቢላ ወይም በስክሪውድራይቨር መሆን የለበትም። ያበጠ ባትሪ ከቤት ቆሻሻ ጋር አይጣልም። ጭስ ካወጣ ጭሱ መርዛማ ስለሆነ ሰዎችን ከክፍሉ አውጡ።

አዲስ የተቀየረው ባትሪም ቶሎ አረጀ

ባትሪ የሚያረጀው ቶሎ ቶሎ ስለሚሰካ አይደለም። ዋና ጠላቶቹ ሙቀትና ሁልጊዜ ሞልቶ መዋል ናቸው። አንድ ሊቲየም ሴል ሲሞላ በተለምዶ 4.2 ቮልት ገደማ ይደርሳል፤ እዚያ ከፍታ ላይ ሳምንታት ሲቆይ፣ ይልቁንም ሲሞቅ፣ ውስጡ ይበላሻል። «አዲስ ባትሪ 12 ሰዓት ይሞላ»፣ «እስከ ዜሮ ሳያልቅ አይሰካ» የሚሉት ምክሮች ከድሮዎቹ የኒኬል ባትሪዎች የቀሩ ናቸው፤ ዛሬ ይጎዳሉ እንጂ አይጠቅሙም።

ጠረጴዛ ላይ ተሰክቶ የሚውል ላፕቶፕ ገደብ ይበጅለት። ሌኖቮ ላይ «ቫንቴጅ» ውስጥ «ኮንሰርቬሽን ሞድ»፤ አሱስ ላይ «ማይአሱስ» ውስጥ የባትሪ እንክብካቤው 80 በመቶ ላይ ያቆማል። ኤችፒ ላይ ሲነሳ ኤፍ10 ተጭነው ባዮስ ውስጥ «ባትሪ ሄልዝ ማኔጀር»ን «ማክሲማይዝ ማይ ባትሪ ሄልዝ» ያድርጉት፤ በተለይ የቢሮ ሞዴሎች ላይ ይገኛል። ዴል ላይ በኤፍ2 ገብተው «ፕራይመሪሊ ኤሲ ዩዝ»ን ይምረጡ፤ «ከስተም» የሚጀምርበትንና የሚያቆምበትን መቶኛ እርስዎ እንዲወስኑ ይፈቅዳል።

መብራት በሚጠፋበት ሰፈር ግን 80 በመቶ ላይ መቆም ሥራ ሊያስቆም ይችላል። እንደ እኛ ግምት በአዘቦት ቀን ገደቡን ይዞ መሥራት፣ መብራት እንደሚቋረጥ ሲታወቅ ወይም ጉዞ ሲኖር ገደቡን አንስቶ መሙላት ሁለቱንም ያስታርቃል። መብራት ሲሄድ ቻርጀሩን ከሶኬት ይንቀሉ፤ ሲመጣም ቮልቱ እስኪረጋ ጥቂት ደቂቃ ይጠብቁ። በዚያች ቅጽበት የሚቃጠለው ብዙ ጊዜ ቻርጀሩ ነው፣ አንዳንዴም የላፕቶፑ የቻርጅ ሰርኪዩት።

ላፕቶፕን አልጋና ፍራሽ ላይ አድርጎ መሥራት የአየር መውጫውን ይዘጋል። እንደ ድሬዳዋ፣ ሰመራና ጋምቤላ ባለ ሙቀት ቀን መኪና ውስጥ ትቶ መሄድ ከዚያ ይብሳል፤ አፕል ለማክቡክ የሚመክረው የአጠቃቀም ሙቀት ከ10 እስከ 35 ዲግሪ ነው። ለወራት የሚቀመጥ ከሆነ 50 በመቶ ገደማ ላይ አጥፍተው ቀዝቀዝ ያለ ቦታ ያስቀምጡት፣ በየስድስት ወሩም ይፈትሹት።

ባትሪ ሲገዙ

በላፕቶፑ ስም ብቻ አይግዙ። የአሮጌው ባትሪ ጀርባ ላይ የራሱ ቁጥር አለ፤ ለምሳሌ በብዙ የኤችፒ ላፕቶፖች ውስጥ ያለው «ኤችቲ03ኤክስኤል» ነው። ቁጥሩ፣ ቮልቱና የመሰኪያው ቅርጽ መግጠም አለባቸው። 11.4 እና 11.55 ቮልት የተጻፈባቸው ብዙውን ጊዜ ይተካካሉ፤ 7.6 በ11.4 ግን አይተካም። ኮፒ ባትሪ ሪፖርቱ ላይ ሙሉ አቅም ሊያሳይ ስለሚችል በሰዓት ይፈትኑት፦ ሞልተው ነቅለው የተለመደውን ሥራ እየሠሩ እስከ 10 በመቶ ስንት ሰዓት እንደቆየ ይመዝግቡና ዋስትናው ሳያልፍ ይመልሱት።

ከአሜሪካ ወይም ከዱባይ ዘመድ እንዲያመጣ ከጠየቁ ትርፍ ባትሪ በሚጫነው ሻንጣ ውስጥ አይፈቀድም፤ የእጅ ሻንጣ ውስጥ መያዝ አለበት። እስከ 100 ዋት ሰዓት ያለው የአየር መንገድ ልዩ ፈቃድ አያስፈልገውም፤ የአብዛኛው ላፕቶፕ ባትሪም ከዚህ በታች ነው። መሰኪያው ከብረት ጋር እንዳይነካካ በራሱ ማሸጊያ ውስጥ ይቆይ ወይም በፕላስተር ይሸፈን።