ፖታሲየም ኖርማል ነው ብሎ መዝጋት፣ እና ሌሎች የአልዶስቴሮን ስህተቶች

«ፖታሲየሙ ኖርማል ነው፤ አልዶስቴሮን ሊሆን አይችልም።» ስለ ከፍተኛ የደም ግፊት ታካሚ ይህን ስሰማ ደሜ ይፈላል። አልዶስቴሮን ከኩላሊት በላይ ያሉት አድሬናል ዕጢዎች የሚያመነጩት ሆርሞን ነው፤ በሽታው የሚባለው እሱ ከመጠን በላይ ሲመነጭ ነው። አሜሪካዊው ሐኪም ጀሮም ኮን በሽታውን በ1955 እ.ኤ.አ. ሲጽፍ የታካሚዋ ፖታሲየም በጣም ወርዶ ነበር፤ ትምህርቱም እዚያው ላይ ቆሞ ቀረ። አብዛኞቹ ታካሚዎች ግን ፖታሲየማቸው ኖርማል ነው! ሆርሞኑ ኩላሊት ሶዲየም እንዲይዝ እያደረገ ግፊቱን ይሰቅላል። ልብንና የደም ሥርን ደግሞ በራሱ ይጎዳል። ስለዚህ ግፊቱ እኩል ከሆነ ሰው ይልቅ እነዚህ ታካሚዎች ለስትሮክና ለልብ ምት መዛባት የተጋለጡ ናቸው። ፖታሲየሙ እስኪወርድ መጠበቅ ጉዳቱ እስኪደርስ መጠበቅ ነው። የሽንት መድኃኒት ጨምሮ ሦስት ዓይነት እየዋጠ ግፊቱ አልወርድ ያለው ሰው ይመርመር።

ፖታሲየሙ ሲወርድም ስህተቱ አይቀርም። «የሽንት መድኃኒቱ ነው ያወረደው፣ ሙዝ ይብሉ» ተብሎ ይሸኛል። አንድ ሹፌር እግሬ ከዳኝ እያለ ዓመታት ሙዝ ሲበላ ኖሮ እኔ ጋ መጣ። ያንን ሁሉ ጊዜ ሬኒኑን፣ ማለትም ኩላሊት የሚያመነጨውንና አልዶስቴሮን እንዲወጣ የሚያዘውን ንጥረ ነገር፣ የጠየቀ አልነበረም።

አልዶስቴሮንን ብቻ ለክቶ መወሰን አይቻልም። ከሬኒን ጋር ነው የሚነበበው፤ ሬኒኑ ወርዶ አልዶስቴሮኑ ካልወረደ ጥርጣሬው ይጠነክራል። ፖታሲየም ዝቅ ካለ መጀመሪያ ይስተካከል፣ አለበለዚያ አልዶስቴሮኑ ከእውነቱ አንሶ ይታያል። ለምርመራው ብለው ጨው አይቀንሱ። መድኃኒትም በራስዎ አያቁሙ።

ሲቲ ስካን ላይ እብጠት ታየ ተብሎ ወደ ቀዶ ጥገና መሮጥ ሌላው ነው። ዕድሜ ሲገፋ አድሬናል ዕጢ ላይ ምንም ሆርሞን የማያመነጭ እብጠት መገኘቱ የተለመደ ነው። ሆርሞኑ ከሌላኛው ወይም ከሁለቱም ዕጢዎች ሊመጣ ይችላል። ይህን የሚለየው ከዕጢዎቹ ደም መላሾች የሚወሰድ ናሙና ነው። በየቦታው አይገኝም፣ አውቃለሁ። እንደዚያ ከሆነ በግምት ከመቁረጥ አልዶስቴሮንን የሚያግደው መድኃኒት ስፓይሮኖላክቶን ይሻላል፤ ከሁለቱም ዕጢዎች ለሚመጣውም ሕክምናው እሱ ነው።

ወንዶች በስፓይሮኖላክቶን ጡታቸው ሲያብጥ አፍረው ዝም ብለው መድኃኒቱን ይተዋሉ። ለሐኪምዎ ይንገሩ፤ መጠኑን መቀነስ ወይም ተመሳሳይ የሆነውን ኢፕሌሬኖን መሞከር ይቻላል።

ስፓይሮኖላክቶን ሲጀመር ደግሞ የድሮውን የፖታሲየም ክኒን ማስቆም ይረሳል። የግፊት መድኃኒቱ ኢናላፕሪል አብሮ ካለና ኩላሊትም ከደከመ ፖታሲየሙ ከመጠን በላይ ከፍ ብሎ ልብ ሊያቆም ይችላል። በአንድ ሳምንት ውስጥ ፖታሲየምና የኩላሊትን ሥራ የሚያሳየው ክሬአቲኒን ይታይ።